ሁለቱንም ጫፍ የለኩት መምህርት አየሁሽ ባየልኝ

መምህርት አየሁሽ ባየልኝ (የክርስትና ስማቸው ወለተ ጻድቅ) ከአባታቸው ከአቶ ባየልኝ ሰጠኝና ከእናታቸው ከወይዘሮ ውባንች አሰግድ በ1962 ዓ.ም. የካቲት ወር በመተማ ወረዳ ኮኪት ተወለዱ። ቀኑን ጽፎ ያስቀረ ሰው የለም። እናታቸው ግን ሰሊጡ ተራግፎ፣ የማሽላው ቆረጣም አልቆ፣ ለሥራ የወረደው ሁሉ ወደ ደጋው የተመለሰ ሰሞን እንደነበር ደጋግመው ይናገሩ ነበር። አባታቸው ራሳቸው ከበለሳ ለአንድ አጨዳ ብለው ወርደው፣ ቆላው ይዟቸው የቀሩ ሰው ናቸው። ከአምስት ልጆቻቸው የመጀመሪያዋ መምህርት አየሁሽ ነበሩ፤ የመጨረሻው ደግሞ ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀው ባንተአምላክ ነው።

በዚያን ጊዜ ኮኪት ትምህርት ቤት አልነበረም። አባታቸው ልጅቱን በጭነት መኪና አሳፍረው ሸኸዲ ወስደው አስገቧቸው። ሴት ልጅን ለፊደል ብሎ በመኪና መጫን ምን የሚሉት ነው ያለ ጎረቤት ብዙ ነበር። አቶ ባየልኝ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው አሳለፉት። አንደኛ ደረጃን ሸኸዲ፣ ሁለተኛ ደረጃን ጎንደር ከተማ አክስታቸው ቤት ተቀምጠው ጨረሱ። ከዚያም ባሕር ዳር ገብተው በ1982 ዓ.ም. በሒሳብ ትምህርት በዲፕሎማ ተመረቁ። ኋላም በክረምት እየተመላለሱ፣ ሁለት ልጆች አስከትለው፣ በ2000 ዓ.ም. የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ያዙ። ቤተሰቡ በዚያ ቀን የታረደውን ፍየል እስከ ዛሬ ያነሣል።

በ1983 ዓ.ም. ገንዳ ውሃ ተመድበው ማስተማር ጀመሩ። በ1985 ዓ.ም. ከትራክተር መካኒኩ ከአቶ ኪዳን ደረበ ጋር በቅዱስ ቁርባን ተጋቡ። አቶ ኪዳን ሒሳብ አልተማሩም። ነገር ግን ባለቤታቸው ለክፍል የሚያስፈልጋቸውን ሁሉ፣ የተበላ ጎማም ይሁን የተቆረጠ በርሚል፣ ከጋራዡ እየጎተቱ ያመጡላቸው እርሳቸው ናቸው። በተማሪዎች ፊት የባጃጅ ጎማ በግቢው እያንከባለሉ ዙሪያው ከስፋቱ ስንት እጥፍ እንደሆነ ያስለኩት ሁለቱ አንድ ላይ ሆነው ነበር።

አሁን አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። መምህርት አየሁሽ በዚህ አገር ስማቸው የተጠራበት የክለሳ ትምህርት የተጀመረው በወንድማቸው መውደቅ ነው። በ1986 ዓ.ም. መጨረሻ ባንተአምላክ የአሥረኛ ክፍል ተማሪያቸው ነበር፤ በሒሳብም ከመቶው ሠላሳ ስምንት ብቻ አገኘ። ያረሙትም የጣሉትም እርሳቸው ናቸው። እናታቸው ወይዘሮ ውባንች “ወንድምሽን በገዛ እጅሽ ጣልሽው?” ብለው ሁለት ሳምንት አኮረፏቸው። መምህርት አየሁሽ ግን አንዲት ነጥብ አልጨመሩም።

በጥቅምት 1987 ዓ.ም. ለአጨዳው ወደ ኮኪት ሲመጡ ያን የወደቀ ወንድማቸውን ማሳው ዳር ቆሞ አገኙት። የታጨደው ሰሊጥ እንደ ወጉ ነዶው ተደጋግፎ እንዲደርቅ በሂላ በሂላ ቆሟል። ልጁ አንድ ጊዜ ዓይኑን አሻግሮ “አሥራ ሁለት ኩንታል ይወጣዋል” አለ። እንዴት አወቅህ ሲሉት፣ ሂላው ስድሳ እንደሆነ፣ ከአንዱ ሂላ ሃያ ኪሎ እንደሚራገፍ፣ ዝናብ ከመጣ ግን ከአሥሩ አንዱ እንደሚቀነስ ነገራቸው። ሲራገፍ አሥራ ሁለት ኩንታል ከጥቂት ኪሎ ሆነ። ፈተናው ላይ የተጠየቀውም ይኸው ነበር። መምህርት አየሁሽ ተናደዱ። “ይህን ሁሉ እያወቅህ ወረቀቱ ላይ ለምን አጣኸው?” አሉት። “ወረቀት መቼ ይታጨዳል?” አላቸው።

ይህን መልስ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየመምህራኑ ስብሰባ ሲናገሩት ኖረዋል። ወንድማቸው ትምህርቱን ትቶ ትራክተር ነጂ ሆነ። እርሳቸው ግን ልጅ በእጁ ያልነካውን ሒሳብ ሰኔ ላይ ቢፈልገው አያገኘውም የሚለውን እምነታቸውን ከዚያ ማሳ ይዘው ተመለሱ፤ አልለቀቁትምም።

ከሁሉ በላይ የሚታወቁበት “የአረም ደቦ” የተባለው ክለሳ ነው። በእኛ አገር ማሳው በአረም የተወረሰበት ሰው ደቦ ይጠራል፤ የተጠራውም ይመጣል። በባለማሳው የሚስቅ የለም፤ ነገ አረሙ የማን ማሳ ላይ እንደሚበረታ የሚያውቅ ስለሌለ ነው። መምህርት አየሁሽ ይህንኑ ወግ ወደ ክፍል አስገቡት። ከፈተና በፊት የሙከራ ፈተና ይሰጣሉ። የተሳሳቱ መልሶችን እንዳሉ በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ላይ በትልቁ ይገለብጡና በግቢው የኒም ዛፎች ላይ ይሰቅሏቸዋል። እያንዳንዱ ወረቀት ማሳ ነው፤ በውስጡ ያለው ስሕተት አረም ነው። ተማሪዎች አምስት አምስት ሆነው ከዛፍ ወደ ዛፍ ይዞራሉ፤ አረሙን ፈልገው ይነቅላሉ፤ ትክክለኛውን ከሥሩ ይጽፋሉ። ፊሽካው ሲነፋ ወደሚቀጥለው ማሳ ይሻገራሉ። በመጨረሻ ስሕተቱን የሠራው ልጅ ራሱ ባለማሳ ተብሎ ይወጣና አረሙ ከየት እንደበቀለ ለሁሉም ያስረዳል፤ ይጨበጨብለታል። ከዚያ ቀን በፊት በክፍል ውስጥ ድምፃቸው ተሰምቶ የማያውቅ ልጆች በዚህ ደቦ አንደበታቸው ተፈቷል።

ሌላም ነበራቸው። ግቢውን በኖራ አስምረው፣ ተማሪዎቹን ነጥብ አድርገው አቁመው፣ እኩልታ ሲጠሩ መስመሩ የሚያልፍባቸው ልጆች ብቻ እንዲቀመጡ ያደርጉ ነበር፤ የተሳሳተው በመስመሩ ላይ ብቻውን ቆሞ ሲቀር ይስቃል፤ ስቆም ያርማል። ነጭ ሰሊጥና ቀይ ማሽላ በጣሳ ቀላቅለው፣ ዓይን አስጨፍነው እያስወጡ ዕድልን ያስቆጥሩ ነበር። ጨዋታ ነው ያሉ ባልደረቦች አልጠፉም። ይበሉ። ጨዋታ ነው የተባለለትን ደቦ ያለፉ ልጆች ዛሬ በየሆስፒታሉና በየመሥሪያ ቤቱ አሉ፤ እዚህም ቆመዋል።

በ1994 ዓ.ም. ወደ ተወለዱባት ኮኪት ተዛወሩ። ገመዳቸውንም ይዘው ነው የመጡት። ይህ ገመድ፣ ሾፌሮች ጭነት የሚያስሩበት፣ ሱዳኖች ሐብል የሚሉት፣ ሃምሳ ሜትር የሚረዝም፣ ከድንበሩ ማዶ ጋላባት ገበያ ከነጋዴው ከአብዱረሕማን የገዙት ነው። በየሜትሩ ቀይ ክር አሰሩበት። አብዱረሕማንም ያንን አይቶ፣ እንዲህ የተዥጎረጎረ ሐብል ግመል እንኳ አያስርም ብሎ ስቆባቸው ነበር። በዚህ ገመድ ተማሪዎቹ የትምህርት ቤቱን ግቢ፣ የእግር ኳስ ሜዳውን፣ የውሃ ታንከሩን ጥላ ሳይቀር ለክተዋል።

በግንቦት 1999 ዓ.ም. ግን ይኸው ገመድ ጣጣ አመጣ። የአሥረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና አራት ሳምንት ሲቀረው፣ መምህርት አየሁሽ የስፋት ክለሳውን እውነተኛ ማሳ ላይ ለማድረግ አሰቡ። ተማሪያቸው ለይኩን “የአባቴ ማሳ ቅርብ ነው፤ አባቴ አይከለክልም” አላቸው፤ አመኑት። ቅዳሜ ጧት አርባ ሦስት ተማሪ፣ ገመድና ችካል አስይዘው ወጡ። የለይኩን አባት አቶ ፈንቴ ግን ምንም አልሰሙም ነበር።

ገመድና ችካል እዚህ ቆላ ለሚኖር ደገኛ ምን ማለት እንደሆነ መምህርቷ ማወቅ ነበረባቸው። ከዚያ ሰው ብዙው ደጋ ላይ መሬቱ በገመድ ተለክቶ፣ ተቆርሶ፣ ለሌላ ተሰጥቶበት የወረደ ነው። አቶ ፈንቴም በ1989ኙ ድልድል መሬታቸው ትርፍ ነው ተብሎ ተቆርሶባቸው፣ ቅር ብሏቸው ልጆቻቸውን ይዘው የተሰደዱ ሰው ናቸው። ችካሉ ሲተከል ያየ አንድ ገበሬ “መሬት ሊሸነሸን ነው!” ብሎ ጮኸ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ማሳው በሰው ተከበበ፤ ዱላ የያዘም ነበር፣ ጠመንጃ ያነገተም ነበር። አቶ ፈንቴ ገመዱን በክንዳቸው ጠቅልለው “ገመድ አንድ ጊዜ ከቤቴ አስወጥቶኛል፤ ሁለተኛ አልወጣም” አሉ፤ ወስደውም ቤታቸው ቋሚው ላይ አሰሩት። ሽማግሌዎች ተቀምጠው፣ ከእንግዲህ መምህርም ተማሪም ገመድ ይዞ ማሳ እንዳይረግጥ ቆረጡ። ወላጆችም ልጆቻቸውን ቅዳሜ ወደ ክለሳ እንዳይልኩ ተማከሩ።

መምህርት አየሁሽ በሕይወታቸው እንደዚያ ሰሞን የፈሩበት ጊዜ እንዳልነበር ለቤተሰባቸው ተናግረዋል። የፈሩት ለራሳቸው አልነበረም። ሕዝቡ ካላመናቸው ከጥቁር ሰሌዳው ውጭ የሚያስተምሩት እንደማይኖራቸው፣ ልጆቹም ያው እንደ ወንድማቸው እያወቁ እንደሚወድቁ ታይቷቸው ነው። ነጠላቸውን አደግድገው አቶ ፈንቴ ደጅ ሄዱ። “አጠፋሁ። ልጅ ጠይቄ አባት ሳልጠይቅ ማሳ ረገጥሁ” አሉ። አቶ ፈንቴ ይቅር አሉ፤ ገመዱን ግን አልሰጡም። ሁለተኛ ሄዱ፤ አልሆነም። በሦስተኛው ገመዱን መጠየቅ ተዉና ሌላ ነገር ለመኑ። ትምህርት ቤት መጥተው የአረም ደቦውን እንደ ደቦ አባት ሆነው እንዲመሩላቸው ጠየቁ። የደቦ አባትነትን እምቢ የሚል ሽማግሌ በእኛ አገር የለም።

አቶ ፈንቴ ከዘራቸውን ይዘው መጡ፤ ይህን የሰሙ ወላጆችም ልጆቻቸውን ላኩ፤ ኒሙ ሥር ወንበር ተሰጣቸው። ከተሰቀሉት ማሳዎች አንዱ የገዛ ልጃቸው የለይኩን ስሕተት ነበር። ጥያቄው በአንድ ጫፍ ሰማንያ ሜትር፣ በሌላው ጫፍ ሠላሳ ሜትር ሆኖ መቶ ሜትር የሚረዝም፣ ተማሪዎች ትራፔዚየም የሚሉት መሬት ስፋቱ ስንት ነው የሚል ነበር። ለይኩን ሰፊውን ጫፍ በርዝመቱ አባዝቶ ስምንት ሺህ ካሬ ሜትር ብሏል። ባለማሳ ሆኖ ሲወጣ፣ አባቱ ማንበብ እንደማይችሉ ስለሚያውቅ፣ መሬት ላይ በእንጨት ሥሎ አስረዳቸው። ጠባቡን ጫፍ ስላልቆጠርሁ ነው፤ ሁለቱን ጫፍ ደምሬ፣ ለሁለት ከፍዬ በርዝመቱ ባባዛ ኖሮ አምስት ሺህ አምስት መቶ ይሆን ነበር፤ ሩብ ሄክታር፣ አንድ ጥማድ በሬ የሚውልበት መሬት፣ ከሌለበት ፈጠርሁ አለ።

አቶ ፈንቴ ተነሡ። ሥዕሉን በከዘራቸው ዙሪያውን ተከተሉት። ከዚያም “የታችኛውን ጫፍ ማን ለካው?” አሉ። ልጆቹ ማንም አለመለካቱን፣ ስሕተቱ እርሱ መሆኑን ነገሯቸው። አቶ ፈንቴ ግን የሚጠይቁት ስለ ወረቀቱ አልነበረም። ደጋ ላይ የነበራቸው መሬት ተዳፋት ላይ ሆኖ ወደ ታች የሚጠብ ነበር። ለኪዎቹ ከላይ ሰፊውን ጫፍ ለኩ። የታችኛው ገደል አፋፍ ስለነበር ማንም አልወረደም፤ እንደ ላዩ ነው ተብሎ ተቆጠረ። መሬቱ በወረቀት ላይ ሰፋ፤ ትርፍ ነው ተብሎም ተቆረሰ። አሥር ዓመት ሙሉ ገመዱን ሲረግሙ የኖሩት ሽማግሌ ያን ቀን በልጃቸው ስሕተት ውስጥ የገዛ መሬታቸውን አገኙት። በተማሪ ሁሉ ፊት አለቀሱ። መምህርት አየሁሽም አብረዋቸው አለቀሱ። ያን ዕለት በግቢው ያልተላቀሰ አልነበረም፤ ይህን የሚጽፈውም ጎማ አድርሶ ሲመለስ ስለደረሰ ምስክር ነው።

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ አቶ ፈንቴ ገመዱን ራሳቸው ተሸክመው ወደ መምህርቷ ቤት መጡ። ሁለት ነገርም ቆረጡ። አንደኛ፣ በዚህ ገመድ የሚለካ መሬት ሁሉ ጫፉን ባለመሬቱ ይይዛል። ሁለተኛ፣ ጠባቡ ጫፍ ሳይለካ አይታለፍም። ሽማግሌዎቹም በዚሁ ተስማምተው ክልከላውን አነሡ። በሚቀጥለው ቅዳሜ የራሳቸው ማሳ ተለካ፤ ጫፉንም እርሳቸው ያዙ። ፈተናው ላይ ከአርባ ሦስቱ ሠላሳ አንዱ በሒሳብ አለፉ፤ ከዚያ በፊት ከአሥር ዘልቆ አያውቅም ነበር። ከዚያ ወዲህ አሥራ ስምንት ዓመት፣ ብሔራዊ ፈተናው ከአሥረኛ ወደ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሲሻገርም፣ አቶ ፈንቴ በየዓመቱ ከደቦ አባትነታቸው አልቀሩም። በኮሮናው ዓመት እንኳ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ፣ መምህርት አየሁሽ ማሳዎቻቸውን ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ዛፎች ላይ ሰቅለው፣ ልጆቹ በተራ እየመጡ እንዲያርሙ አድርገዋል። ገበያተኛው ሁሉ ቆሞ ያርም ነበር።

ያ ጠባቡን ጫፍ የረሳው ለይኩን ፈንቴ ዛሬ ገለጉ ላይ የሒሳብ መምህር ነው። መንገዱ በክረምት ተቆርጦ ወር ሙሉ መኪና በማይገባበት ቦታ፣ የአረም ደቦውን ይጠራል። የመምህርቷን ገመድ አስመስሎ የራሱን ገመድ በቀይ ክር አስሯል። መምህርት አየሁሽ ስለ ሽልማትና ምስክር ወረቀት ብዙም አያወሩም ነበር። ለይኩን ገለጉ ላይ ደቦ ጠራ የሚል ወሬ የሰሙ ዕለት ግን ጎረቤት ሳይቀር ጠርተው ጋብዘዋል።

መምህርት አየሁሽ ቁጡ ነበሩ፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። አርፍዶ የመጣ ተማሪ ከበር አይገባም ነበር። የእንግሊዝኛውን ፎርሙላ ሸምድዶ ትርጉሙን የማያውቅን ልጅ “ይህን ማን አበደረህ?” ይሉት ነበር። የተሳሳተ ልጅን ግን ሰድበው አያውቁም። የገዛ ስሕተታቸውንም አይደብቁም ነበር፤ ሳይጠይቁ ማሳ የረገጡበትን ቀን ለአዲስ ተማሪዎች ሁሉ በመጀመሪያው ሳምንት ይናገሩ ነበር።

ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ በኩላሊት ሕመም ተይዘው ጎንደር እየተመላለሱ ሲታከሙ ቆይተዋል። እጥበቱ ቢያደክማቸውም ክፍላቸውን አልለቀቁም። ባለፈው ሚያዝያ በወንበር ተቀምጠው የሙከራ ፈተናውን አርመዋል፤ የሚሰቀሉትን አሥራ ስድስት ስሕተቶችም በእጃቸው መርጠዋል። በመጨረሻም ግንቦት 18 ቀን 2017 ዓ.ም. ሰኞ ጧት በተወለዱ በሃምሳ አምስት ዓመታቸው በመኖሪያ ቤታቸው ዐርፈዋል። ሥርዓተ ቀብራቸውም ዛሬ ረቡዕ ግንቦት 20 ቀን ዘመድና ወዳጅ፣ ባልደረቦቻቸውና ተማሪዎቻቸው በተገኙበት በኮኪት ቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል።

መምህርት አየሁሽ ከባለቤታቸው ከአቶ ኪዳን ደረበ ሰርካለም ኪዳንና መስከረም ኪዳን የተባሉ ሁለት ሴት ልጆችን አፍርተው ሦስት የልጅ ልጆች አይተዋል። ከእነርሱም ሌላ አራት ወንድምና እኅት፣ እንዲሁም ብዛቱን እርሳቸው ብቻ በልባቸው የሚያውቁት ተማሪ ትተው አልፈዋል። የዘንድሮውን የአረም ደቦ ለመጪው ቅዳሜ ቀጥረውት ነበር። ቀጠሮው አይፈርስም። ለይኩን ከገለጉ መጥቷል፤ ወረቀቶቹም ይሰቀላሉ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ተማሪዎቻቸው የመቃብሩን ቦታ ሊለኩ ያንኑ ገመድ ይዘው መጡ። ገመዱ ሲዘረጋ ሁሉም ቆሙ። ሕጉ የታወቀ ነው፤ ጫፉን የሚይዘው ባለመሬቱ ነው። ባለመሬቷ ግን ጫፉን የሚይዙበት እጅ የላቸውም። ወንድማቸው እጁን ሊዘረጋ ሲል ሰማንያ ዓመት የሆናቸው አቶ ፈንቴ ከዘራቸውን ለልጃቸው ሰጥተው ወጡ፤ ጎንበስ ብለውም ጫፉን ያዙ። የራስጌው ተለካ። ቆፋሪዎቹ ዶማቸውን ሲያነሡ “ቆዩ፤ የግርጌው አልተለካም” አሉ። ገመዱን ይዘው ቀስ ብለው ወደ ግርጌው ሄዱ፤ ተለካ፤ እኩል ሆነ። ከዚያ በኋላ ነው ቁፋሮው የተጀመረው።

የሰውን ዘመን ከራስጌውም ከግርጌውም የሚለካ፣ በልኩም የማይሳሳት አምላክ የወለተ ጻድቅን ነፍስ በሰፊው ቦታው ይቀበልልን። ለባለቤታቸው፣ ለልጆቻቸውና ለተማሪዎቻቸው ሁሉ መጽናናቱን ይስጥልን። አሜን።